የኤሌክትሪክ ጅረት መግነጢሳዊ ምስል

የኤሌክትሪክ ጅረት መግነጢሳዊ ምስል ማለት በአንድ ስስ ሽፋን ውስጥ የሚፈስን የኤሌክትሪክ ጅረት (በተለምዶ ኮረንቲ የሚባለውን) ሽፋኑን ሳይቆርጡና ሳይነኩ፣ ጅረቱ በዙሪያው ከሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ተነስቶ በምስል የማሳየት ዘዴ ነው። ጅረት በዓይን አይታይም። አሚሜትር የሚናገረው በጠቅላላው ስንት አምፔር እንዳለፈ እንጂ በየት በኩል እንዳለፈ አይደለም። ሽፋኑ ውስጥ ስንጥቅ ካለ፣ ጅረቱ በአንድ ጠርዝ ብቻ ተጨናንቆ ካለፈ ወይም ከመንገዱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ከነካ፣ አሚሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ያው ሊሆን ይችላል።

ዘዴው በዋናነት የሚያገለግለው በሱፐርኮንዳክተሮች ጥናት፣ በኤሌክትሮኒክስ ቺፖች ውስጥ የተደበቀ ሾርት ለመፈለግና በአዳዲስ የማግኔት ቁሶች ምርምር ነው። ሐሳቡ ግን ከላቦራቶሪ ውጭም ይሠራል። በአዲስ አበባ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከመሬት 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚፈስ ታላቅ የጅረት ንብር በዚሁ መንገድ ሲጠና ቆይቷል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከአንድ መርፌ ወደ ጥለት

በ1820 የዴንማርኩ ፊዚክስ ሊቅ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ በአጠገቡ ያለን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር አሳወቀ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዮቹ ዣን ባፕቲስት ቢዮ እና ፌሊክስ ሳቫር የመስኩ መጠን ከሽቦው ርቀት ጋር እንዴት እንደሚቀንስ በልኬት አሳዩ። አንድሬ ማሪ አምፔርም የጅረትና የማግኔትን ግንኙነት በሒሳብ ማበጀት ጀመረ።

የኧርስቴድን ሙከራ በማንኛውም ቦታ መድገም ይቻላል፤ ውጤቱ ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ለምሳሌ በሐዋሳ ከተማ፣ ቡሹሎ ላይ ኮምፓስ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ከመርፌው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሽቦ ተዘርግቷል እንበል። በሽቦው 1 አምፔር ሲያልፍ መርፌው ላይ 20 ማይክሮቴስላ የሚሆን መስክ ወደ ምዕራብ ይፈጠራል። ኢትዮጵያ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የምድር መስክ እዚህ በአግድም ተኝቶ ነው የሚገኘው፤ መጠኑም 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። መርፌው የሁለቱን ድምር ስለሚከተል ከሰሜን ወደ ምዕራብ 29 ዲግሪ ያህል ይዞራል። በኮፐንሃገን የምድር መስክ አብዛኛው ወደ ታች ስለሚያዘነብል አግድሙ ክፍል 17 ማይክሮቴስላ ገደማ ብቻ ነው፤ ያው ሽቦ ያንኑ መርፌ ወደ 50 ዲግሪ ያዞረዋል። (ሙከራውን በደረቅ ባትሪ የሚሠራ ሰው ሽቦውን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አገናኝቶ ማቆየት የለበትም፤ ሽቦውም ባትሪውም ይግላሉ።)

አንድ መርፌ በአንድ ነጥብ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ምስል ለማግኘት ብዙ ሺህ መርፌዎች በጠባብ ቦታ ጎን ለጎን መደርደር አለባቸው። በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ የሚበተነው የብረት ፍቅፋቂ የዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በ1931 አሜሪካዊው ፍራንሲስ ቢተር እጅግ ደቃቅ የማግኔት ዱቄትን በብረት ገጽ ላይ በመበተን፣ በማግኔት ቁስ ውስጥ ያሉ የተለያየ አቅጣጫ ያላቸው ክልሎች ድንበራቸው እንዲታይ አደረገ። እነዚህ ክልሎች፣ ድንበሮቻቸውና አረፋ መሰል ቅርጾቻቸው በጠቅላላ መግነጢሳዊ ጥለት ሊባሉ ይችላሉ። ልክ እንደ ሸማ ጥለት በስፋት የሚደጋገሙ ናቸው፤ ከሸማው የሚለዩት መስክ ሲነካቸው ቅርጻቸውን ስለሚለውጡ ነው። ጅረትን ለማየት የሚጠቅመውም ይህ መለወጣቸው ነው።

ለምን ስስ ሽፋን ሆነ?

ካሜራው የሚያነሳው መስኩን እንጂ ጅረቱን አይደለም። ከመስኩ ወደ ጅረቱ የሚወስደው ስሌት ነው፤ ይህ ስሌት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ የለውም።

ጅረቱ በወፍራም ብረት ውስጥ የሚፈስ ከሆነ ከውጭ የሚለካ መስክ የጅረቱን መንገድ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። በኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የሚገኘው የቀለበት ቅርጽ ያለው ጥቅል ሽቦ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሽቦው ቀለበቱን ዙሪያውን በእኩል ከተጠመጠመበት መስኩ በሙሉ ቀለበቱ ውስጥ ይዘጋል፤ ከውጭ የሚለካው ምንም ያህል አይደለም። ጅረቱ ግን አለ። እንዲህ ያለ «ድብቅ» ጅረት በማንኛውም የውጭ ልኬት ላይ ቢደመር ልኬቱ አይለወጥም።

ጅረቱ በስስ ሽፋን ሲወሰን ግን ነገሩ ይቀላል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚፈስ ጅረት ስለማይኖር የቀሩት ሁለት አቅጣጫዎች ናቸው፦ ወርዱና ቁመቱ። በተጨማሪም የማይለዋወጥ ጅረት በሽፋኑ መሐል አይጠራቀምም፤ ወደ አንድ ነጥብ የገባው ሁሉ ከነጥቡ ይወጣል። ይህ ገደብ ሁለቱን ያልታወቁ መጠኖች ወደ አንድ ያወርዳቸዋል። አንድ ያልታወቀ መጠን ደግሞ በአንድ ልኬት፣ ማለትም ከሽፋኑ ገጽ ቀጥ ብሎ በሚወጣው የመስክ ክፍል ሊገኝ ይችላል።

ያ አንድ መጠን በካርታ ላይ እንዳለ የከፍታ መስመር ሊታሰብ ይገባል። የእንጦጦን ካርታ ያየ ሰው እኩል ከፍታ ያላቸው ነጥቦች በአንድ መስመር እንደሚያያዙና ገደሉ ባለበት መስመሮቹ እንደሚጠጋጉ ያውቃል። በስስ ሽፋን ላይም እንዲሁ የሐሳብ «ከፍታ» ይሰላል፤ ጅረቱ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሳይሆን በእኩል ከፍታ መስመሮቹ ላይ ይሄዳል፤ መስመሮቹ በተጠጋጉበት ጅረቱ ብርቱ ነው። ከመስክ ምስሉ ወደዚህ ካርታ የሚያሻግረውን ቀመር ብራድሊ ሮት፣ ኔስቶር ሴፑልቬዳ እና ጆን ዊክስዎ በ1989 በታተመ ጽሑፋቸው አሳይተዋል። ዘዴው የፉሪየር ትራንስፎርም የሚጠቀም በመሆኑ ዛሬ በፓይተን በጥቂት መስመር ይጻፋል። የኮዱ ማጠር ግን አያታልልም፤ አስቸጋሪው ክፍል ከዚህ በኋላ ነው።

የርቀት ዋጋ

መስኩ ከሽፋኑ በራቀ ቁጥር የሚደበዝዘው በእኩል አይደለም። ትላልቅ ቅርጾች ሩቅ ይደርሳሉ፤ ትናንሾቹ ቶሎ ይጠፋሉ። የጅረቱ ውጣ ውረድ በየ10 ማይክሮ ሜትር የሚደጋገም ቢሆንና መለኪያው 1 ማይክሮ ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ፣ ከመስኩ ውጣ ውረድ 53 በመቶው ይደርሰዋል። መለኪያው ወደ 10 ማይክሮ ሜትር ቢርቅ ግን የሚደርሰው ከ535 አንድ እጅ ብቻ ነው። ርቀቱ 10 ጊዜ ሲጨምር ምልክቱ 285 ጊዜ ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

የጠፋውን ዝርዝር በስሌት ለመመለስ ምስሉን በ535 ማባዛት ይቻላል። ችግሩ በካሜራው ውስጥ ያለው ጩኸትም (ኖይዝ) አብሮ በ535 መባዛቱ ነው። ስለዚህ በተግባር ከአንድ ወሰን በታች ያሉ ዝርዝሮች ሆን ተብሎ ይቆረጣሉ። የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው ሠሪው ነው፤ ወሰኑ ላላ ሲል በምስሉ ላይ በእውነት የሌሉ ቆንጆ አዙሪቶች ይፈጠራሉ፤ ሲጠብቅ እውነተኛው ስንጥቅ ይሰወራል። በመሆኑም የጅረት ካርታ ሲቀርብ መለኪያው ምን ያህል ቅርብ እንደነበረና የቱ ላይ እንደተቆረጠ አብሮ ካልተነገረ ካርታውን መመዘን አይቻልም።

የጋርኔት ሽፋን

ለዚህ ሥራ በሰፊው የዋለው መለኪያ ራሱ ስስ ሽፋን ነው፦ ቢስመዝ የተጨመረበት የብረት ጋርኔት። ሽፋኑ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ውፍረት ኖሮት ጋዶሊኒየም ጋሊየም ጋርኔት በሚባል ብርሃን አሳላፊ ክሪስታል ላይ ይበቅላል።

የጋርኔት ሽፋኖች ታሪክ ከኮምፒዩተር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በቤል ላቦራቶሪዎች አንድሩ ቦቤክና ባልደረቦቹ በእንዲህ ያሉ ቁሶች ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን የማግኔት አረፋዎችን እንደ ማስታወሻ ለመጠቀም ተነሱ። አረፋ ካለ «1»፣ ከሌለ «0» ነው። ኢንቴል በ1979 አንድ ሚሊዮን ቢት ገደማ የሚይዝ የአረፋ ማስታወሻ ቺፕ አቅርቦ ነበር። ኃይል ሲቋረጥ የማይጠፋ በመሆኑ ተስፋ የተጣለበት ቢሆንም፣ የሴሚኮንዳክተር ማስታወሻና ሃርድ ዲስክ ዋጋቸው ፈጥኖ ስለወረደ በ1980ዎቹ ከገበያ ወጣ። ለማስታወሻ ተብሎ የዳበረው ንጹሕ የጋርኔት ሽፋን የማብቀል ዕውቀት ግን አልጠፋም፤ ወደ ምስል ሥራ ተሻገረ።

አሠራሩ የተመሠረተው ማይክል ፋራዴይ በ1845 ባገኘው ክስተት ላይ ነው። ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ (ፖላራይዝድ) ብርሃን በመስክ አቅጣጫ በአንዳንድ ቁሶች ውስጥ ሲያልፍ የመርገብገቢያው አቅጣጫ ይዞራል። ፋራዴይ ይህን ያየው እርሳስ በበዛበት መስታወት ውስጥ ነበር፤ ቢስመዝ ያለበት ጋርኔት ግን ብርሃኑን ከመስታወት እጅግ አብልጦ ያዞራል።

ጋርኔቱ ከታች በኩል ስስ የአሉሚኒየም መስታየት ይቀባና በሚጠናው ሽፋን ላይ በቀጥታ ይተኛል። ብርሃን ከማይክሮስኮፕ ወርዶ ጋርኔቱን ያልፋል፣ በመስታየቱ ተመልሶ ዳግመኛ ያልፈዋል። በፋራዴይ ክስተት የተገኘ መዞር በመልስ ጉዞ አይፈታም፤ ይደመራል። ስለዚህ ብርሃኑ እጥፍ ይዞራል። ከዚያ ሁለተኛ የፖላራይዜሽን ማጣሪያ መስክ የሌለበትን ጨለማ፣ መስክ ያለበትን ብሩህ አድርጎ ያሳያል። ሁለቱ ማጣሪያዎች ፍጹም ከተሰቀሉ ወደ ላይ የሚወጣና ወደ ታች የሚወርድ መስክ እኩል ብሩህ ይሆናሉና አይለዩም፤ አንዱን ማጣሪያ ጥቂት ዲግሪ ማዛነፍ አንዱን ከሌላው ለመለየት ይበቃል።

ሁለት ዓይነት ጋርኔት አለ። በመጀመሪያው ዓይነት፣ ይኸውም በአረፋ ማስታወሻው ዘመድ፣ ማግኔትነቱ ከገጹ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ይቆማል። ያለ ውጭ መስክ ሁለቱ እኩል ስፍራ ተካፍለው እንደ ቤተ ሙከራ አይጥ መንገድ የተጠማዘዙ ሸንተረሮች ይሠራሉ። ጅረት ከሥር ሲያልፍ በአንዱ ጎን ነጩ ሸንተረር ይሰፋል፣ በሌላው ጎን ጥቁሩ ይሰፋል። ለዓይን ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ከሸንተረሩ ወርድ ያነሰ ዝርዝር አያሳይም፤ ድንበሮቹም በነበሩበት ተይዘው ስለሚቀሩ ጅረቱ ከቆመ በኋላ ጥለቱ ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል።

በሁለተኛው ዓይነት ማግኔትነቱ በገጹ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ መስክ ሲነካው በመጠኑ ልክ ቀና ይላል። ስለዚህ ምስሉ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ በቀስ የሚሄድ ነው፤ ለቁጥር ሥራም ይመቻል። ይህን ዓይነት ለሱፐርኮንዳክተር ምስል በማዋል የታወቁት በሩሲያ ቼርኖጎሎቭካ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1992 ያሳተሙት ጥናት ዘዴውን በብዙ ላቦራቶሪዎች አስፋፋው። ሆኖም ይህም የራሱ ጣጣ አለው። በጋርኔቱ ውስጥ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበሩ የክልል ድንበሮች ይታያሉ፤ ጀማሪ ተመልካች ከሚጠናው ሽፋን የመጡ ሊመስሉት ይችላሉ። ለመለየት ጋርኔቱን በትንሹ ማንቀሳቀስ ነው፤ ጥርሱ አብሮ ከሄደ የጋርኔቱ ነው።

ከመጠን አንጻር፣ 100 ማይክሮ ሜትር ወርድ ባለው ሽፋን 10 ሚሊአምፔር በእኩል ቢፈስ በገጹ አጠገብ የሚፈጠረው መስክ 63 ማይክሮቴስላ ያህል ነው፤ ከምድር መስክ እጥፍ አይሞላም። እንዲህ ያለ ደካማ ምልክት ሲያጋጥም ጅረቱ ወደፊትም ወደኋላም እየተደረገ ብዙ ፎቶ ይነሳና አንዱ ከሌላው ይቀነሳል፤ ከጅረቱ ጋር ያልተገላበጠው ሁሉ፣ አቧራውና የመብራቱ አለመስተካከል ጭምር፣ ይጠፋል።

በሱፐርኮንዳክተር ላይ የታየው

ዘዴው ከሁሉ በላይ የጠቀመው ሱፐርኮንዳክተሮችን ነው። ጆርጅ ቤድኖርዝ እና አሌክስ ሙለር በ1986 በአንጻራዊ ከፍተኛ ሙቀት የሚሠሩትን ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮች ካገኙ በኋላ ስስ ሽፋን የማዘጋጀት ሽቅድምድም ተጀመረ። እነዚህ ቁሶች ያለ ተቃውሞ ጅረት ስለሚያሳልፉ በሁለት ነጥቦች መካከል ቮልቴጅ ቢለካ ዜሮ ነው፤ ቮልትሜትር ጅረቱ የቱን መንገድ እንደመረጠ ምንም አይናገርም። መስኩ ግን ይናገራል።

ቻርልስ ቢን በ1962 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ መስክ የገባበት ቦታ ሁሉ ጅረቱ ቁሱ በሚሸከመው ከፍተኛ መጠን ይፈሳል። አራት ማዕዘን በሆነ ስስ ሽፋን ይህ ጅረት እርስ በእርስ በተካተቱ አራት ማዕዘኖች ይዞራል፤ በየማዕዘኑ በድንገት ስለሚታጠፍ በመስክ ምስሉ ላይ ከጥግ ወደ ጥግ የሚሄዱ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ምስሉ የፖስታ ጀርባ ይመስላል። አንድ ጭረት ወይም የክሪስታል መጋጠሚያ ካለ የፖስታው መስመር ይሰበራል፤ ከዚያ ስብራት ቅርጽ በመነሳት ጉድለቱ ምን ያህል ጅረት እንደሚያሳልፍ ይሰላል።

መስክን እንደ ጅረት ማንበብ የሚያሳስተውም እዚሁ ላይ ነው። መስኩ ገና ከጠርዝ ብቻ በገባበት ጊዜ የሽፋኑ መሐል ፍጹም ጥቁር ነው፤ ጅረትም የሌለበት ይመስላል። በወፍራም ቁስ ቢሆን እውነት ነው። በስስ ሽፋን ግን በ1993 እና 1994 የታተሙ ስሌቶች እንዳሳዩት ጅረት በጥቁሩ መሐልም ይፈሳል፤ የውጭውን መስክ ከመሐሉ ያባረረው እሱ ራሱ ነው። ወደ ጅረት ካርታ ሲለወጥ ጥቁሩ ስፍራ በመስመሮች ይሞላል።

በ2001 ሱፐርኮንዳክተርነቱ የታወቀው ማግኒዥየም ዳይቦራይድ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስስ ሽፋኑን ከ10 ኬልቪን በታች አቀዝቅዘው መስክ ሲጨምሩበት፣ መስኩ በዝግታ ከመግባት ይልቅ እንደ መብረቅና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ ገባ። ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ አንድ ቦታ ትንሽ ሲሞቅ ጅረት የመሸከም ዐቅሙ ይቀንሳል፣ መስክ ይገባል፣ የገባው መስክ ደግሞ ይበልጥ ያሞቀዋል። ለሱፐርኮንዳክተር መሣሪያ ሠሪዎች ይህ ትልቅ ሥጋት ነው፤ ቅርንጫፎቹም በሙከራው በተደገሙ ቁጥር ሌላ መንገድ ይመርጣሉ።

ጥለቱ በሽፋኑ ውስጥ ሲሆን

እስካሁን የተገለጸው ጥለት ከሚጠናው ሽፋን ውጭ የተቀመጠ ነው። ሽፋኑ ራሱ ማግኔታዊ ሲሆን የራሱ ጥለት የጅረቱ አመልካች ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጥለቱን የሚገፋው በአመዛኙ የጅረቱ መስክ ሳይሆን፣ ከሥር ባለ እንደ ታንታለም ባለ ከባድ ብረት ውስጥ የሚፈሱ ኤሌክትሮኖች በሽክርክራቸው (ስፒን) የሚያሳድሩት ግፊት ነው።

በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሙከራ የታወቀ ምሳሌ ነው። በአንድ ስስ ሽፋን ላይ ጠባብ አንገት ተሠራ። ጅረቱ ከአንገቱ ሲወጣ እንደ ማራገቢያ ይበተናል። ቀጥ ያሉት የማግኔት ሸንተረሮች አንገቱን ሲያልፉ ጫፋቸው በተበተነው ጅረት ተገፍቶ አበጠና ክብ አረፋ ሆኖ ተቆረጠ፤ ልጆች በሳሙና ውሃ አረፋ እንደሚነፉ ማለት ነው። አረፋዎቹ ስከርሚዮን የሚባሉት ናቸው። አወጣጣቸው ጅረቱ የት እንደሚሰፋ ያሳያል።

ይህ መንገድ ርቀት የሚባል ችግር የለበትም፤ ጥለቱ ጅረቱ ባለበት ቦታ ነው ያለው። በምትኩ ሌሎች ሁለት ችግሮች አሉት። ጅረቱ ከአንድ መጠን በታች ከሆነ አረፋዎቹ በቁሱ ጉድለቶች ተይዘው አይንቀሳቀሱም። ሲንቀሳቀሱ ደግሞ በጅረቱ አቅጣጫ ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ በ2017 የታተሙ ሁለት ጥናቶች በግልጽ እንዳሳዩት ወደ ጎን ያዘነብላሉ። ስለዚህ የአረፋን ዱካ እንደ ጅረት መስመር መሳል ስሕተት ነው።

በሰማይ ያለው ንብር፦ አዲስ አበባ

ከላይ የተባለው ሁሉ በማይክሮ ሜትር የሚለካ ነው። ስሌቱ ግን መጠን አይመርጥም፤ ኢትዮጵያ ላይ ያው ስሌት በኪሎ ሜትር ይሠራል።

በአዮኖስፌር ውስጥ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የጅረት መቀነት አለ። መቀነቱ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም 3 ዲግሪ ያህል ይሰፋል፤ በኪሎ ሜትር 600 ገደማ ነው። ሲድኒ ቻፕማን በ1951 ኤሌክትሮጄት ብሎ ሰየመው። በወገቡ ላይ እንዲህ የሚበረታው የምድር መስክ በአግድም የተኛ በመሆኑ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሊሄድ የሚሻው ጅረት ከንብሩ ማለፍ ስለማይችል ሙል ይጠራቀማል፣ የተጠራቀመውም ሙል የአግድሙን ጅረት ያጎለብታል። ከከፍታውና ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ጅረቱ የተወሰነው በስስ ንብር ነው። አዲስ አበባ ከመግነጢሳዊው ወገብ ሥር ናት ማለት ይቻላል፤ ሐዋሳም ከአዲስ አበባ 2 ዲግሪ ኬክሮስ ያህል ብቻ ወደ ደቡብ ስለምትርቅ በመቀነቱ ውስጥ ትወድቃለች።

የአዲስ አበባ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በ1957 እና 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲሆን፣ መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዊን ነበሩ። ጉዊን በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቁት በ1979 በታተመው የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ነው፤ የማግኔት ሥራቸው ግን ከዚያ ያነሰ አይደለም።

በጸጥተኛ ቀን የአዲስ አበባ የአግድም መስክ ከሌሊቱ መጠን መነሳት ጀምሮ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ጣሪያው ይደርሳል፣ ማታ ይመለሳል። ጭማሪው 60 ናኖቴስላ ነው እንበል፤ ከጠቅላላው 36,000 ናኖቴስላ ጋር ሲታይ ከ600 አንድ እጅ ነው። ለጋርኔቱ በተጠቀምንበት የስስ ሽፋን ቀመር ቢሰላ ይህ ጭማሪ በእያንዳንዱ የሰሜን ደቡብ ኪሎ ሜትር ወርድ 95 አምፔር ያህል ማለት ነው፤ በ600 ኪሎ ሜትር ወርድ 57,000 አምፔር ይሆናል። ስሌቱ ሸካራ ነው። መቀነቱ ወሰን ያለው በመሆኑ ግምቱ ከእውነቱ ያንሳል፤ በሌላ በኩል ከመሬት በታች የሚቀሰቀሰው ጅረት መስኩን ስለሚያጎላ ግምቱን ያበዛዋል።

ጉዊን የአዲስ አበባን መዝገብ ሲመረምሩ በአንዳንድ ቀናት መስኩ በቀን ከመጨመር ይልቅ ከሌሊቱ መጠን በታች እንደሚወርድ አዩ። መስኩ ከወረደ ጅረቱ ወደ ምዕራብ ዞሯል ማለት ነው። ይህንን በ1962 ኔቸር መጽሔት ላይ አሳተሙ፤ በ1967 ከፈረንሳዊው ፒየር ኖኤል ማዮ ጋር ባወጡት ጽሑፍ ክስተቱ «ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት» የሚል ስም አገኘ። ስሙ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ዛሬ የሚሰጠው ማብራሪያ ከላይኛው ከባቢ አየር ነፋሳት፣ በተለይም ጨረቃና ፀሐይ ከሚያነሷቸው የአየር ማዕበሎች ጋር ያያይዘዋል።

ጥርጣሬውም ቢሆን ከላቦራቶሪው ጋር አንድ ዓይነት ነው። የአዲስ አበባ መግነጢስ መለኪያ ከንብሩ 105 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ በየ100 ኪሎ ሜትሩ የሚደጋገም ዝርዝር ከ700 አንድ እጁ እንኳ ወደ መሬት አይደርስም። አዲስ አበባ የምታየው መቀነቱን በጥቅሉ ነው። በተጨማሪ አንድ ጣቢያ የመስኩ መቀነስ ከኤሌክትሮጄቱ ይሁን ከምድር ርቆ ከሚዞረው ሌላ ጅረት መለየት አይችልም። ስለዚህ ከመቀነቱ ውጭ ሁለተኛ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ የሩቁ ጅረት በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚታይ ሲቀነስ ይጠፋል። በላቦራቶሪ ሁለት ፎቶ እንደሚቀነሰው ነው። ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ተመራማሪ እንዳወቀ ይዘንጋው ከማርክ ሞልድዊን ጋር ባስተባበሩት አምበር በተባለው የአፍሪካ የማግኔት ጣቢያዎች መረብ ውስጥ ለአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሠራላት በአዲግራት የተተከለው ጣቢያ ነው። ከ2000 እስከ 2010 የበረረው የጀርመኑ ሻምፕ ሳተላይት ደግሞ ንብሩን ከላይ ሆኖ ያየው ነበር፤ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከንብሩ ቢርቅም በአንድ ዙር መቀነቱን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያቋርጥ የአንድ ነጥብ ቁጥር ሳይሆን የመስመር ምስል ይሰጣል።